ከሞጣ ሣር ሜዳ እስከ ትልቁ ጄት፦ አየሩ ያው ነው

ጡረተኛው ካፒቴን (ክሩን የከፈተው) · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት «በገጠር ሣር ሜዳ ላይ ማብረር ይከብዳል ወይስ ትልቅ ጄት?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ከሥሩ የተጻፈውን ሁሉ አነበብሁት። ግማሹ ሰው የገጠሩን አብራሪ ጀግና፣ የጄቱን አብራሪ የአውቶፓይለት (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበርር መሣሪያ) ዘበኛ አድርጎታል። ሌላው ግማሽ ያንኑ ገልብጦ ይላል። ሁለቱንም ስለሠራሁ የበኩሌን ልጻፍ፤ ጡረተኛ ጊዜ አያጥረውም።

ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። በልጅነቴ ዳግላስ ዲሲ 3 ሜዳችን ላይ ያርፍ ነበር። ጭራውን መሬት አስነክቶ፣ አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ ሲቆም የተቀመጠ ውሻ ይመስለኝ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በዚያው ዘር አውሮፕላን መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ድምፁ ከደጀን በኩል ሲመጣ መምህራችን ራሱ ጠመኔውን አስቀምጦ ይወጣ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. እኔው ራሴ በረዳት አብራሪነት ትዊን ኦተር ላይ ወጣሁ። የካናዳ ሥራ ነው፤ 19 መንገደኛ ይይዛል፤ ሁለት ሞተር አለው፤ ጎማው አይታጠፍም፤ ውስጡም አየር አይታመቅበትም። በአብራሪውና በመንገደኛው መካከል የሚዘጋ በር አልነበረንም፤ ዞር ካልሁ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። መስመራችን ባሕር ዳር፣ ሞጣ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ አበባ ነበር።

በካርታ ላይ ከሞጣ ወደ ደብረ ማርቆስ መስመር ብታሰምሩ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳሩ መስመሩ በቀጥታ ጮቄን ነው የሚቆርጠው፤ ጮቄ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሰማዩ ከጠራ በላዩ መውጣት ይቻላል፤ ክረምት ሲሆን ግን ተራራው ደመናውን ተከናንቦ ስለሚውል በቢቸና በኩል የአባይን ሸለቆ ጠርዝ ይዘን እንዞራለን። በዚያም ሌላ ጣጣ አለ። የሸለቆው ወለል ከደጋው ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ በረሃ ነው፤ ከቀትር በኋላ የጋለው አየር ገደሉን ታክኮ ሽቅብ ሲወጣ አውሮፕላኑን በሰፌድ ላይ እንዳለ ጤፍ ያንገዋልለዋል። አንድ ቀን ከኋላዬ የተቀመጡ ቄስ የእጅ መስቀላቸውን በትከሻዬ በኩል ዘርግተው ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመሩ። አውሮፕላኑ በዘለለ ቁጥር የመስቀሉ ብረት ማጅራቴን ይነካኛል፤ ብረቱ ይቀዘቅዛል። «አባ፣ ትንሽ ወደ ኋላ» ለማለት አፈርሁ። ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ እየተባረክሁ ሄድሁ።

ሞጣ ስንደርስ ወዲያው አናርፍም። መጀመሪያ ዝቅ ብለን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እናልፈዋለን፤ ላሙም አህያውም እንዲበተን። በዚያ ዙር የጎጆ ጭስ ወዴት እንዳዘነበለና ዋልካው ውኃ የቋጠረበት ቦታ የት እንደሆነ አያለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን የምፈልገው እረኛውን ነው። ከብት ከሸሸ አይመለስም፤ ልጅ ግን ሊያይ ይመለሳል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሞጣም ደብረ ማርቆስም ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። በዚያ ከፍታ፣ በቀትር ፀሐይ፣ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ክንፉ የሚደገፈው አየርን፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየርን፣ ፕሮፔለሩ የሚቀዝፈው አየርን ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሦስቱም አብረው ይጾማሉ። የፍጥነት መለኪያው ይህን አይነግርህም። የሚለካው የአየሩን ግፊት ስለሆነ፣ ስታርፍ የምታየው ቁጥር አሰብ ላይም ሞጣ ላይም አንድ ነው፤ ሣሩ ግን ሞጣ ላይ ከሥርህ ይበልጥ ይሮጣል። ቆላ ለምዶ የመጣ አብራሪ ሣሩን አይቶ «ፈጥኛለሁ» ብሎ ጋዝ ከቀነሰ አለቀለት። እኔን ያስተማሩኝ ካፒቴን እጄን በጥፊ ብለው «መለኪያውን እመን፤ ሣሩ ውሸታም ነው» ብለውኛል።

ስለዚህ ገና ከጠዋቱ፣ አየሩ ሳይሞቅ ነበር የምንሄደው። የካቲት 1981 ዓ.ም. ግን አንድ ቀን ባሕር ዳር ላይ ነዳጅ ስንጠብቅ ረፈደብንና ሞጣ የደረስነው ሰባት ሰዓት አልፎ ነው። ያን ጊዜ ካፒቴን ከሆንሁ ገና ወራት ቢሆነኝ ነው። ወኪሉ መንገደኞችን እያንዳንዳቸውን በእህል ሚዛን ላይ ከነዕቃቸው አቁሞ መዝኖ ወረቀቱን ሰጠኝ። ሰንጠረዡን አየሁ፤ በዚያ ሙቀት ልነሣበት ከሚገባኝ ክብደት በልጧል። ዕቃ አስወረድሁ፤ አሁንም 60 ኪሎ ገደማ ይተርፋል። በዝርዝሩ መጨረሻ የተመዘገቡት ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። «እህቴ አዲስ አበባ ሞታብኛለች፤ ነገ ትቀበራለች» አሉኝ። «በእርስዎ ፈንታ የሚቀር ሰው ካለ» ብዬ ወደ ሌሎቹ ዞርሁ፤ ሁሉም መሬት መሬት አየ። «ግድ የለም፣ ቆሜ እሄዳለሁ» አሉኝ፤ እንደ አውቶቡስ። ያጠረው ወንበር እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከርሁ። «60 ኪሎ ሰው ይህን ሁሉ ብረት ይጥላል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ትቻቸው ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ የቦይንግን ጄቶች፦ 737፣ ቀጥሎ 767፣ በመጨረሻም ድሪምላይነር አበረርሁ። አየሩ ግን ተከተለኝ። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ትልቅ ጄት ነዳጁን ሞልቶ፣ ሰውና ጭነቱን ይዞ ከቦሌ መነሣት ስለማይችል መንገድ ላይ ቆሞ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን ዋሽንግተን ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ይመጣል። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ 767 ለባለ ሁለት ሞተር ጄት የርቀት ክብረ ወሰን የሰበረው፣ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህሉን በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ የጨረሰው፣ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ነው። ከዚህ ወደዚያ ቢሆን አይሞከርም ነበር። መንገደኛው «ምን ያስቆመናል?» እያለ ሲያጉረመርም እሰማለሁ። የሚያስቆመው የሞጣው ሚዛን ነው። ቦሌ ላይ ግን ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራል፣ ጭነቱን ሌላ ሰው ይቀንሳል፣ ለእኔ ወረቀት ይመጣል፤ እፈርማለሁ። የቀረውን ሰው ፊቱን አላየውም። የትኛው ይከብዳል ላለው ልጅ መልሴ ይህ ነው።

---

የደብረ ወርቅ ቅቤ · ሰኞ ማታ

ካፒቴን እጅ ነሥቻለሁ! አንድ ነገር ብቻ፦ ያወረዱት ዕቃ ቅቤ ነበረበት? እናቴ በዚያ ዘመን ለአዲስ አበባ ዘመድ የላከችው አንድ ቅል ቅቤ እስከ ዛሬ አልደረሰም።

---

ጡረተኛው ካፒቴን · ሰኞ ማታ

ያወረድሁት ሁሉ በቀጣዩ በረራ ይሄድ ነበር፤ የእናትህን ግን አላውቅም። ሳይወርድ የቀረው ቅቤ ነው ያስቸገረን። በአባይ በኩል ስንዞር ይቀልጥና ወለሉ ላይ ይፈስሳል። የኋላ ኋላ ድሪምላይነር ላይ ሆኜ እንኳ ከመንገደኛው ክፍል የበርበሬና የሽሮ ሽታ ሲመጣ ሞጣ ትዝ ይለኝ ነበር።

---

ረዳት አብራሪ · ማክሰኞ ጠዋት

ካፒቴን፣ በመጀመሪያ ክብር ይስጥልኝ። እኔ ዛሬ በዳሽ 8 ወደ ባሕር ዳር የምመላለስ ነኝ። ጮቄን ከ6,000 ሜትር በላይ ሆኜ ከላይ ነው የማየው፤ መንገደኛው ቡናውን እየጠጣ ያልፈዋል።

የምለው ግን ይከፋዎት ይሆናል። እነዚህን ትዝታዎች ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይረብሸኛል፤ ከአደጋ ማምለጥ እንደ ችሎታ ይተረካል። በጭስ ነፋስ ማንበብ፣ እረኛ በዓይን መፈለግ፣ በእህል ሚዛን ሰው መመዘን፤ ይህ ሁሉ ሌላ ስላልነበረ የተደረገ ነው። ዛሬ መሬት ሲቃረብ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አለኝ፤ ቦታዬን ሳተላይት ይነግረኛል፤ ክብደቱ በሥርዓት ይሰላል። እርስዎ «ፊቱን አላየውም» ያሉት ለእኔ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ጥቅሙ እሱ ነው። ነጠላ አዘቅዝቆ ለቆመ ሰው አይቶ ማዘንና ሰንጠረዥ ማንበብ አንድ ጭንቅላት ውስጥ መሆን የለባቸውም። እርስዎ ያን ቀን እምቢ ብለዋል። ስንቱ አብራሪ በሌላ ሜዳ «ይሁን፣ ግቡ» ብሎ ይሆን? እሱ መድረክ ላይ ወጥቶ አይጽፍልንም።

---

አንባቢ ብቻ · ማክሰኞ ጠዋት

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቀዝቃዛ ውኃ ደፋችብኝ።

---

ጣና ዳር · ማክሰኞ ከሰዓት

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ካፒቴኑ የጠቀሱት ጊዜ የካቲት 1981 ነው፤ ለእኛ ያ ዓመት የሚታወሰው በመስከረሙ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አስመራ የሚሄደው ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር እንደተነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ገባበት። አብራሪዎቹ ወደ ሜዳው ለመመለስ ሞከሩ፤ ሞተሮቹ ግን ሁለቱም እምቢ አሉ። ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈና ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ አለቁ።

ያን ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ብዙ ወራት ከተማው ርግብ ጠላ። ጎረቤታችን ደጃፋቸው ላይ ጤፍ ሲያሰጡ ርግብ ከመጣ ልጆቹን በዱላ ያስከትሉ ነበር፤ ከዚያ በፊት «የኖኅ ወፍ ናት፣ ተዉአት» የሚሉ ሴት ነበሩ።

ረዳት አብራሪ ለሚለው ወንድማችን፦ ያ 737 በጊዜው አዲስ ነበር። ሰንጠረዡም ሥርዓቱም ነበረው። ካፒቴን፣ እርስዎ ያን ቀን ሞጣ ላይ ስለዚያ አደጋ አስበው ነበር?

---

ጡረተኛው ካፒቴን · ማክሰኞ ማታ

ጣና ዳር፣ ያልጻፍሁትን አወጣህብኝ።

አዎ። ከመስከረም በኋላ ባሕር ዳር ላይ ስነሣ ሁሉ መጀመሪያ ሰማዩን ሳይሆን የሜዳውን ሣር ነበር የማየው፤ ርግብ የሚለቅመው እህል ወድቆበት እንደሆነ። ከዚያ አደጋ የምታውቁት ነገር አለ፤ አውሮፕላኑ ምንም አልጎደለውም ነበር። አብራሪዎቹም አላጠፉም። እንዲያውም ያን ያህል ሰው መትረፉ ከእነሱ ነው። እኔ ደግሞ ገና አዲስ ካፒቴን ነኝ። ሳያጠፋ የሚወድቅ ሰው ካለ፣ እያወቅሁ ትንሽ ባጠፋስ? ይህ ነበር በጭንቅላቴ ውስጥ ያለው። ከመስከረም በፊት ቢሆን ኖሮ ያን ሰው አሳፍሬያቸው ይሆን ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። «ሰንጠረዡ ከለከለኝ» ማለት ለመድረክ ያምራል፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር።

ልጄ ረዳት አብራሪ፣ ምንም አልከፋኝም። ግማሹን ትክክል ብለሃል። ያለ አስጠንቃቂ መሣሪያ በደመና ውስጥ ጮቄን መዞር ጀግንነት አልነበረም፤ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከደመናው ሥር ስወጣ የቢቸናን ጣሪያ እጠብቅ የነበርሁት ሰው ያላሰብሁት ገደል አፋፍ አየሁ። እሱን ለልጆቼም አልተረክሁም። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሠራውን ሰው እግዜር ይስጠው።

ሌላው ግማሽ ላይ ግን አልስማማም። ትልቁ ጄት ላይ የሚከብደው ምን እንደሆነ ሰው አይጽፈውም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሥር ሰሃራ ጨለማ ነው፤ መብራት የለም፤ አውቶፓይለቱ ይዞታል፤ ነዳጁን በየሰዓቱ እየጻፍህ ምንም ሳይሆን እንደሚያድር እያወቅህ ነቅተህ መጠበቅ አለብህ። ትዊን ኦተር ላይ ለማንቀላፋት ጊዜ የለም። ጄቱ ላይ ጠላትህ የራስህ ሽፋሽፍት ነው። ታዲያ እዚያ ላይ ነው የሰው ፊት የሚጠቅመኝ። ከኋላዬ በተዘጋው በር በስተጀርባ 270 ሰው አለ፤ ፊታቸውን አላየሁም። ሲያንቀላፋኝ የቄሱን መስቀል ማጅራቴ ላይ እፈልጋለሁ። ሣቅ ይመስል ይሆናል፤ እውነቴን ነው።

---

የደብረ ወርቅ ቅቤ · ማክሰኞ ማታ

አልሣቅንም።

---

የሞጣው ልጅ · ረቡዕ ማታ

ሁለት ቀን ሙሉ ልጻፍ አልጻፍ እያልሁ ቆየሁ።

ካፒቴን፣ ጃንጥላው እጀታው የተሰበረና በገመድ የታሰረ ነበር? የካቲት 1981 ዓ.ም. ከሞጣ የቀሩት ሰው አባቴ ይመስሉኛል። አክስቴ ያረፈችው የዚያን ጊዜ ነው። አባቴ በማግስቱ በአውቶቡስ፣ በቢቸና አድርገው በደጀን ወርደው፣ አባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ሲደርሱ ቀብሩ አልፎ ለሠልስቱ ነው የደረሱት። ወንድም የሌለው ቀብር ሆነ ተብሎ ተለቀሰ፤ በልቅሶው ላይ ግጥምም ወጣበት። በቤታችን «ባለ ሚዛኑ» የሚባል ሰው ነበር፤ ስሙን የማናውቀው፣ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር አባቴ የሚረግሙት። እኔ ልጅ ሆኜ ባለ ሚዛኑን ቅዱስ ሚካኤል ነበር የሚመስለኝ፤ ነፍስ የሚመዝነው።

አባቴ አሁን 84 ዓመታቸው ነው። ከዚያ በኋላ አውሮፕላን ላይ አልወጡም። የእርስዎን ጽሑፍ እስካሁን አላነበብሁላቸውም።

---

አንባቢ ብቻ · ረቡዕ ማታ

አንብብላቸው!

---

ጣና ዳር · ረቡዕ ማታ

ቀስ በል። 84 ዓመት ላይ ያለ ሰው ቂሙን ከተነጠቀ ምን ይቀረዋል?

---

ጡረተኛው ካፒቴን · ሐሙስ ጠዋት

የሞጣው ልጅ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ጃንጥላውን እንጂ እጀታውን አላስታውስም። በእውነት ለመናገር በእነዚያ ዓመታት ሜዳ ላይ የተውኋቸው ሰዎች አንድ ሁለት አይደሉም፤ እሳቸው ናቸው ብዬ ልምልልህ አልችልም። ነጠላ ያዘቀዘቁ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ለአባትህ ምን እንደምትነግራቸው አላውቅም። «ቆሜ እሄዳለሁ» ላሉኝ ነገር ያን ጊዜ መልስ እንዳልሰጠኋቸው ንገራቸው። መልሱ ይህ ነበር፦ አውሮፕላኑ በሁለት ሞተር ያለ ችግር ይወጣል። ሰንጠረዡ የሚፈራው አንዱ የቆመ ዕለት ነው። በዚያ ከፍታና በዚያ ሙቀት የቀረው ሞተር ብቻውን ሊያወጣን የሚችለው ከሜዳው ብዙም አይርቅም ነበር፤ ከሞጣ ደግሞ ዙሪያው ሜዳ አይደለም። 60 ኪሎ ማለት በዚያ ሰዓት የዛፍ ጫፍ ማለፍና አለማለፍ ነው። ይህን ቆሜ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሰዓት ረፍዷል ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ከፈቀዱልኝ መጥቼ እጃቸውን መሳም እፈልጋለሁ። ከባሕር ዳር በመኪና እመጣለሁ።

---

ረዳት አብራሪ · ሐሙስ ጠዋት

ካፒቴን፣ ማክሰኞ ዕለት የጻፍኩትን አላነሣም፤ ግን አጻጻፌ ጠጠር ብሎ ከሆነ ይቅርታ። ትናንት ወደ ባሕር ዳር ስበር ከጮቄ በስተሰሜን ወደ ታች አየሁ። ሞጣ የት እንዳለች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈለግኩ።

---

የሞጣው ልጅ · ቅዳሜ ማታ

አነበብሁላቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የረዳት አብራሪውንም የጣና ዳርንም ጨምሬ። ሁለት ጊዜ አስቁመውኝ ደግመው አስነበቡኝ፦ ቄሱ ላይ አንድ ጊዜ፣ የእህል ሚዛኑ ላይ አንድ ጊዜ።

መጀመሪያ ያሉት «60 ኪሎ? ያን ጊዜ ከሳምባ በሽታ የተነሣሁ ነበርሁ። ከ60 አልበልጥም፤ ይህስ እውነት ነው» ነው። ከዚያ ዝም አሉ። ዝምታቸው ስለረዘመ ቡና አፈላሁ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ሲደርሱ ነው የተናገሩት፤ እንዳሉት እጽፈዋለሁ፦

«ያ ሚዛን እኮ የእህል ነጋዴ ሚዛን ነበር። ነጋዴው ከገበሬ እህል ሲገዛበት የኖረ ነው፤ ከኩንታል አምስት ኪሎ ይበላል። አገር ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ ተከራክረንበታል። መቶውን ዘጠና አምስት ነው የሚለው። ካፒቴኑ የሞጣ ሰው ቢጠይቅ ኖሮ እንነግረው ነበር። እኔ የቀረሁት ለዚያ ነው ብዬ እስከ ዛሬ ስናደድ የነበርሁት፤ በዚያ ሌባ ሚዛን ተመዝኜ ቀረሁ እያልሁ። አሁን ሳስበው ግን ሌላ ነው። ሌባው ሚዛን እኔን አላከበደኝም፤ ሌሎቹን ነው ያቀለላቸው።»

ቀጠሉና፦ «ሲነሣ ቆሜ አይቻለሁ። ሜዳው ጫፍ ባሕር ዛፍ ነበር። ጎማው ቅጠሉን የነካው መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ስገልጥ አልፏል። ይህን ለማንም አልነገርሁም፤ ተናድጄ ነበራ።»

«ይምጣ» ብለዋል። ጃንጥላው እስከ ዛሬ አለ፤ ካስፈለገ ያዩታል።

---

ረዳት አብራሪ · ቅዳሜ ማታ

ካፒቴን፣ ያን ቀን የተመዘነው ሰውና ዕቃ በድምሩ ስንት ነበር? 1,200 ኪሎ አካባቢ ከሆነ፣ ከመቶ አምስት የሚጎድል ሚዛን 60 ኪሎ ያህል ይደብቃል። አንድ ሰው ማለት ነው። አባታችን ሜዳው ላይ ቆመው ሳለ ክብደታቸው በአውሮፕላኑ ውስጥ ነበር። እሳቸውም ቢገቡ ኖሮ…

---

ጡረተኛው ካፒቴን · እሑድ ጠዋት

1,200 አካባቢ ነው። ትንሽ ይበልጣል።

ባሕር ዛፉን አላየሁትም። ትዊን ኦተር አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ከፊት ለፊትህ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው፤ ከሥርህ ያለውን የሚያየው ሜዳ ላይ የቀረ ሰው ነው። ሲነሣ ትንሽ እንደከበደኝ ትዝ ይለኛል፤ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍሁት።

ዛሬ የድሮውን የበረራ መዝገቤን ከሣጥን አውጥቼ ገለጥሁት። የካቲት 1981። ከቀኑ አንጻር በራሴ እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈው ይህ ነው፦ «ሞጣ – ደብረ ማርቆስ፣ በቢቸና በኩል፣ 35 ደቂቃ። መደበኛ።»

የሞጣው ልጅ፣ ማክሰኞ እመጣለሁ። መዝገቡን ይዤ ነው የምመጣው።